ቁም ወይስ ጉርድ?

ፍኖተ ሰላም ገበያ ውስጥ ካሜራ አንግቶ የሚዞር ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋጋ ነው። ቀጥሎ «ቁም ነው ጉርድ?» ይባላል። «የሚሸጥ አይደለም፣ ለራሴ ነው የማነሳው» ማለት ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ አያቀልለውም። ዘመዱ ያልሆነን ሰው ፊት ለራሱ የሚሰበስብ ጤነኛ ሰው የት አለ? አንድ ቀን የዛላ በርበሬ ክምር ፊት የተቀመጡ እናት ካሜራዬን እስካወርድ ጠበቁኝና ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው «ፊቴን ምን ልታደርግበት ነው ልጄ?» አሉኝ። ፎቶግራፍ የሚያነሳ ሁሉ አንድ ቀን ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ነው፤ ብዙዎቻችን ሳንመልሰው ሌንስ እንቀይራለን።

የከተማዋ ፎቶ ቤቶች ፊት ምን እንደሚደረግበት በደንብ ያውቃሉ። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ፍኖተ ሰላምን አቋርጦ ያልፋል። ከተማዋ የምዕራብ ጎጃም ዞን መቀመጫ ስለሆነች ጉዳይ ያለው ሁሉ ወደ እርሷ ይመጣል፤ ጉዳይ ያለው ሰው ደግሞ ጉርድ ፎቶ አያጣውም። ለመታወቂያ፣ ለባንክ፣ ለትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ለሥራ ማመልከቻ። ሦስት በአራት፣ ጀርባው ነጭ፣ ሁለቱም ጆሮ የሚታይበት። በመቀስ ተቆራርጦ በትንሽ ፖስታ ይሰጣል፣ ተቀባዩም ራሱን ለአፍታ አይቶ ኪሱ ይከተዋል። ለፋይዳ መታወቂያ ፎቶውን የሚያነሳው መዝጋቢው ራሱ ነው፤ ሌሎቹም መሥሪያ ቤቶች እንደዚያ ቢያደርጉ ፎቶ ቤቶቹ ምን እንደሚበሉ እንጃ። ቁም ፎቶው ለክርስትና፣ ለሠርግ፣ ለምርቃት ነው። መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ቀጥ ያለ ወገብ፣ በጎን የተዘረጋ እጅ።

እኔ ካሜራ የያዝኩት ለእንጀራ አይደለም። ያገለገለ ካሜራ፣ ባለ 50 ሚሊ ሜትር አንድ ሌንስና ስልኬ፤ ዕቃው ይኸው ነው። የምመኘውም ሰው ሳያውቅ መንገድ ላይ የሚነሳውን ዓይነት ፎቶ ነበር። ባጃጅ የሚጠብቁ ተማሪዎች፣ ጭነቱን ያዘነበለ አህያ፣ ከዝናብ የተጠለለ ሎተሪ አዟሪ። ምኞቱ ብዙ አልሄደም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ በተከታዩ ነሐሴ ደግሞ እዚሁ ፍኖተ ሰላም በደረሰ ፍንዳታ ብዙ ሰው ሞተ። እንዲህ ባለ ጊዜ መንገድ ዳር ቆሞ በሌንስ የሚያነጣጥርን ሰው በደግ ዓይን የሚያየው የለም፤ ዩኒፎርም የለበሰውም ያልለበሰውም። ሰው ከፈቀደ ቤቱ፣ እዚያም በሩ ላይ ብቻ ማንሳት ሆነ። እኔም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ካለው የአክስቴ ቤት ደጃፍ ተሰየምኩ።

ደጃፍ ግን ለካ ስቱዲዮ ኖሯል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ፀሐይዋን ማየት ይበቃል። ፍኖተ ሰላም ከምድር ወገብ በስተሰሜን አሥር ዲግሪ ተኩል አለፍ ብላ ስለምትገኝ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 10 እና ነሐሴ 19 አካባቢ፣ የእኩለ ቀን ፀሐይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች። ነሐሴ ላይ ደመናው ይሸፍናታል፤ ሚያዝያ ላይ ግን ምሕረት የላትም። ያን ጊዜ የቆመ ሰው ጥላው ከእግሩ ሥር ይገባል፣ ቅንድቡ ዓይኑን ያጨልመዋል፣ አፍንጫው ከንፈሩ ላይ ጥላ ይጥላል። በሌላውም ወር ቢሆን ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ብርሃኑ ከላይ ወደታች የሚወርድ ነው። ሰው ደግሞ ፋታ የሚያገኘው በዚያው ሰዓት ነው፤ ጠዋትና ማታ፣ ብርሃኑ ሲያምር፣ ሁሉም ከብት ጋር ነው።

ደጃፉ ላይ የቤቱ ክዳን ክፈፍ የላዩን ብርሃን ይቆርጠዋል። የሚቀረው ከፊት ለፊት ካለው ሰማይና ከግቢው አፈር ነጥሮ የሚመጣው ነው፣ እርሱም ለስላሳ ነው፣ አቅጣጫም አለው። ተነሺው አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ቢገባ ፊቱ ግማሹ ይበራል፣ ግማሹ ይጠቁራል፤ አንድ እርምጃ ወደ ውጭ ቢወጣ ሁሉም እኩል ይሆንና ፊቱ ዝርግ ይመስላል። ከጀርባው ያለው በጭስ የጠቆረ የጭቃ ግድግዳ ብርሃኑን ይውጠዋል። የከተማ ስቱዲዮዎች ጥቁር ጨርቅ ገዝተው የሚሰቅሉት ይህንን ለማግኘት ነው።

ፈተናው ጋቢው ነው። ጎጃሜ ካሜራ ፊት ሲቀርብ ከሁሉ አስቀድሞ ጋቢውን ያስተካክላል፤ ሴቶቹም ነጠላቸውን ያጣፋሉ። ካሜራው ደግሞ ስለ ጋቢ የሚያውቀው ነገር የለም። የብርሃን መለኪያው የተሠራው ፊቱ ያለው ትዕይንት ሲጠቃለል መካከለኛ ግራጫ፣ ማለትም የሚያርፍበትን ብርሃን 18 በመቶ ያህል የሚመልስ ነው በሚል ግምት ነው። ነጭ ጋቢ ፍሬሙን ሲሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልማል፤ ያን ጊዜ ጋቢው ግራጫ ሆኖ ባለቤቱ ከነፊቱ ይጠፋል። ጨለማው ቤት ሲበዛበት ደግሞ ያበራና ጋቢው ክር የሌለው ነጭ ወረቀት ይሆናል። በነጩ ጥጥና በጠይሙ ቆዳ መካከል ያለው ርቀት ሦስት ስቶፕ ያህል ነው። አንዱ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ስለሚያደርገው ሦስቱ ሲደመሩ ስምንት እጥፍ ማለት ነው።

መድኃኒቱን መጻሕፍት ያስተምራሉ፦ መለኪያውን ጉንጩ ላይ ብቻ አሳርፎ መለካት፣ ጋቢው ሊቃጠል ጫፍ እስኪደርስ መልቀቅ፣ ፋይሉን ሳይጨመቅ በጥሬው ማስቀመጥ። መጻሕፍቱ የማይነግሩት ጋቢው ራሱ መብራት መሆኑን ነው። ከትከሻ ወርዶ ጉልበት ላይ ሲዘረጋ የሰማዩን ብርሃን ተቀብሎ ወደ አገጭና ወደ ዓይን ሥር ይመልሰዋል። በዕድሜ የጎደጎደ ዓይን ውስጥ ትንሽ ነጭ ነጥብ ይታያል፤ ያ ነጥብ ከሌለ ዓይን የሞተ ይመስላል። ፎቶ አንሺዎች ለዚህ ሥራ ብርማ ሰሌዳ ይገዛሉ። አክስቴ ቤት ሦስት ጋቢ አለ። ጠዋት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በሩን በቀጥታ ስትመታው ደግሞ ስስ ነጠላ ከጉበኑ ላይ አንጠልጥዬ አጣራታለሁ። አክስቴ ይህን ስታይ «ሙሽራ ልታስገባ ነው እንዴ?» ብላ ትስቃለች።

የጠይም ፊት ጣጣ ግን ከጋቢው ብቻ የመጣ አይደለም። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለማተሚያ ቤቶች ቀለም ማመሳከሪያ የሚልከው ካርድ ላይ ለብዙ ዓሠርት ዓመታት የነበረችው ነጭ ሴት ናት። በሠራተኞቹ ዘንድ የካርዱ ስም «ሸርሊ» ነበር። የሸርሊ ቆዳ ካማረ ፊልሙ ልክ ነው ይባል ነበር። በኋላ ቅሬታ አቅርበው የተሰሙት እንኳ ጥቁር ሰዎች ሳይሆኑ ቸኮላታቸውና የእንጨት ዕቃቸው ማስታወቂያ ላይ ጠቁሮ የቀረባቸው ነጋዴዎች እንደነበሩ የዘርፉ አጥኚዎች ጽፈዋል። ጉግል ስልኮቹ የጠቆረ ቆዳን በትክክል እንዲያነሱ «ሪል ቶን» ብሎ የጀመረው ሥራ እንኳ ገና እ.ኤ.አ. የ2021 ነው። ስለዚህ የአያቶቻችን ፎቶ ለምን ከሰል እንደመሰለ የሚጠይቅ ሰው ፎቶ ቤቱን ብቻ ባይወቅስ ጥሩ ነው።

ዛሬ ደግሞ ተቃራኒው ችግር መጥቷል። የአክስቴ ጎረቤት የሆኑ አንዲት እማማ ከአገጫቸው ሥር አንገታቸውን ዙሪያውን የተነቀሱ ናቸው። በልጅነታቸው በእሾህና በጥላሸት የተወጋ፣ ዛሬ ወደ ሰማያዊነት ያደላ ንቅሳት። ለሙከራ ያህል በስልኬ አንስቼ ወዲያው አሳየኋቸው። ስልኩ ቆዳ የሚያለሰልስ ማስዋቢያ አለው፤ የፊት መስመራቸውን ከንቅሳቱ ጋር ጠርጎ አውጥቶታል። ስክሪኑን አራቁት፣ አቀረቡት። «ይቺ ማን ናት? ንቅሳቴስ?» ለንቅሳት የሚያስፈልገው የጎን ብርሃን ነው፣ መጠኑም ጠባብ ነው፤ በጣም ሲበራ ከቆዳው ጋር ይዋሃዳል፣ ሲጨልም ጥላ ይመስላል። ሰውነታቸውን ወደ ቤቱ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው በትልቁ ካሜራ ሲነሱ ንቅሳቱ አንድ በአንድ ተቆጠረ። ያን ጊዜ ነው የትኛው በስንት ዓመታቸው፣ የትኛው ደግሞ ከሠርጋቸው በፊት እንደተነቀሰ የተረኩልኝ። ከሁሉም ሙከራ የምወደው እርሱን ነው።

የዕለት ተዕለቱን ነገር ማንሳት ከሰው ይቀላል ብዬ ነበር፤ ዕቃ አያፍርም፣ ልብስም ልቀይር አይልም። ቡሬና ጃቢ ጠህናን የበርበሬ አገር ናቸው፤ በመኸር ወቅት ግቢው ሁሉ ቀይ ይነጠፍበታል። የበርበሬ ቀይ ግን ለካሜራ ክፉ ነው። ዳሳሹ ብርሃኑን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ከፍሎ ነው የሚለካው። ፀሐይ ላይ የተሰጣ በርበሬ ሲነሳ የቀዩ ድርሻ ብቻውን ሞልቶ ይፈስና የዛላው መጨማደድ፣ የፍሬው ሻካራነት ሁሉ ጠፍቶ ቀይ ቀለም የተደፋበት ይመስላል። ደመና እስኪመጣ መጠበቅ ወይም ሆን ብሎ አጨልሞ ማንሳት ነው። አውድማው ደግሞ የተለየ ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ጤፍ ሲወቃና በመንሽ ወደ ነፋስ ሲጣል፣ ፀሐይዋ ከምርቱ ጀርባ ስትሆን፣ እብቁ አየር ላይ ያበራል። ያን ፎቶ ማንም ቢያነሳው ያምራል፤ ስለሚያምርም ብዙ አላምነውም።

ስለ ዕለት ተዕለት ኑሮ ፎቶግራፍ ሲወራ የግርማ በርታ ስም አይዘለልም። እ.ኤ.አ. በ1990 አዲስ አበባ የተወለደ፣ ፎቶግራፍን በራሱ የተማረ ወጣት ነው። በአይፎን ስልኩ ጫማ የሚጠርገውን፣ ጭነት የተሸከመውን፣ ሱቅ የሚጠብቀውን፣ ዝም ብሎ መንገድ የሚያቋርጠውን አነሳ፤ ከዚያ ከጀርባቸው ያለውን መንገድና ግርግር ሁሉ አወጣና ሰዎቹን ከነጥላቸው ደማቅ በሆነ አንድ ወጥ ቀለም ላይ ብቻቸውን አቆማቸው። «ሙቪንግ ሻዶውስ» የተባለው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2016 ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም ለሦስት ፎቶግራፈሮች ከሰጡት የ10 ሺህ ዶላር ድጋፍ አንዱን አስገኝቶለታል። ውድ ካሜራ የለኝም እያለ የሚያለቅስ ሁሉ ይህን ይስማ።

እኔም ሞከርኩት። ፈቃዳቸውን አግኝቼ ያነሳኋቸውን አንዲት በርበሬ ሻጭ ከገበያው ለይቼ አረንጓዴ ላይ አስቀመጥኳቸው። ያምራል። ግን አንድ ነገር ጎደለ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሰው ጀርባ ያለው ነገር የማንም አይደለም፤ ቆርቆሮ፣ ሽቦ፣ የሌላ ሰው ታክሲ። እርሱን ማውጣት ሰውዬውን ከግርግር ማዳን ነው። እዚህ ግን ከሰው ጀርባ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ነው፤ ማሳው፣ በሬዎቹ፣ አባቱ የተከለው ባሕር ዛፍ። አውጥቼ ስጥለው የሕይወት ታሪኩን ግማሽ የቀደድኩ መሰለኝ። ይህ የእኔ ፍርድ ነው። የባለቤቶቹ ሌላ ሆኖ መገኘቱን ወደ ኋላ እነግራለሁ።

በሰው ፊት ላይ ከሚሞክሩ አማተሮች ሁሉ ታላቋ፣ በእኔ ግምት፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሩን ናት። የመጀመሪያ ካሜራዋን ያገኘችው በ48 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1863፣ ከልጇና ከአማቿ በስጦታ ነው። በእንግሊዝ ዋይት ደሴት በሚገኘው ቤቷ የከሰል ማስቀመጫውን ጨለማ ክፍል፣ የዶሮ ቤቱን ስቱዲዮ አደረገችው። የቤቷን ሠራተኞች እመቤታችን ማርያም አድርጋ ታነሳቸው ነበር። በዘመኑ የነበሩ ባለሙያዎች ፎቶዎቿ ጥራት የላቸውም፣ ደብዝዘዋል፣ የጣት አሻራና ጭረት አለባቸው ብለው ተሳለቁባት። እርሷ ግን ድብዛዜውን ፈልጋው ነው። ተነሺው ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ ሲቀመጥ በፊቱ ላይ የሚያልፈው ስሜት ሁሉ ካሜራው ውስጥ ባለው እርጥብ መስታወት ላይ አንድ ላይ ይታተማል። ባለሙያ ቢሆን ደንበኛ ይሸሽበታል፤ የሚሸሽ ደንበኛ ያልነበራት አማተር ግን እንደ ልቧ ሠራች።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህችን ሴት ባያውቃትም አንድ ፎቶዋን ግን ሳያውቀው አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰደው የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ፣ እኛ ባሻ ፈለቀ ከምንለው ከእንግሊዛዊው አሳዳጊው ከሻምበል ስፒዲ ጋር በዚያው ክረምት ወደ ደሴቷ በመጣ ጊዜ፣ በሌንሷ ፊት ያስቀመጠችው እርሷ ናት። አባቱንም እናቱንም በወራት ውስጥ ያጣ ልጅ ነው። ፎቶዎቹን ባየሁ ቁጥር ሁለት ነገር ይጋጭብኛል። ብርሃኑ ድንቅ ነው፤ የልጁን ኀዘን ሳትደብቅ፣ ሳታስጌጥም ይዛዋለች። ነገር ግን ልጁ እምቢ ማለት የሚችል አልነበረም። የገበያዋን እናት ጥያቄ እርሱ ሊጠይቅ አይችልም ነበር። ዓለማየሁ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞቶ ዊንድሰር ተቀበረ። ካሜሩንም በዚያው ዓመት ሴሎን ደሴት ላይ አረፈች። ፊቱ ግን እስከ ዛሬ በየሙዚየሙ አለ። ጥሩ ፎቶ መሆኑ ነገሩን አያቀለውም።

ስለዚህ ከተነሺው ጋር መጨቃጨቅ ጸጋ ነው እላለሁ። አክስቴ «አያ» እያለች የምትጠራቸው አንድ ገበሬ አሉ። አውድማ ላይ እብቅ በጠጉራቸው፣ ቁምጣቸው ጉልበታቸው ላይ እንደተቀደደ ላነሳቸው ጓጓሁ። ካሜራውን ሲያዩ መንሹን አስቀመጡ፣ ቤት ገቡ፣ እግራቸውን ታጥበው ኮት ለብሰው ወጡ። ጋቢ ደረቡ፣ ዱላ ያዙ፣ ወታደር ሆነው ቆሙ። «አያ፣ ቅድም እንደነበሩት ቢሆኑ ይሻላል» አልኳቸው። «ቅድም ሥራ ላይ ነበርኩ። አሁን ፎቶ ላይ ነኝ» አሉኝ።

የውጭ መጽሔት ያነበብን ሰዎች እንዲህ ያለውን አቋም «ግትር» እንለዋለን። ይህ የእኛ ያልበሰለ ፍርድ ነው። ፊት ለፊት መቆም፣ ሙሉ ልብስ፣ ቀጥታ የሚያይ ዓይን፤ ይህ በአገራችን ፎቶግራፍ ውስጥ ረጅም ዕድሜ ያለው አነሣስ ነው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ያነሱት የአርመኖቹ የቦያጂያን ቤተሰብ፣ በኋላም የንጉሠ ነገሥቱ ፎቶግራፈር የነበረው ሽመልስ ደስታ ያነሷቸው መኳንንት እንዲህ ነው የቆሙት። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል መጽሐፍ የተሰበሰቡትን የተራ ቤተሰቦች ፎቶዎች ያገላበጠ ሰውም ያንኑ ቀጥ ያለ ወገብ ያገኛል። ቆሞ መነሳት ባለፎቶው በራሱ ላይ የሚወስነው ውሳኔ ነው። ከአያ ጋር ተስማማን፦ አንድ የእርሳቸው፣ አንድ የእኔ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሳነሳ በዚሁ ልማድ ነው፤ የእነርሱ ይቀድማል።

ውሳኔው ለምን ክብደት እንዳለው ለቅሶ ቤት የሄደ ያውቀዋል። በእኛ አገር ፎቶ መጨረሻው እዚያ ነው። አልቃሿ ደረቷ ላይ አቅፋው ትዞራለች፣ ከዚያም ግድግዳ ላይ፣ አንዳንዴም መቃብር ላይ ይቀመጣል። ሠዓሊ ሆኖ ሠልጥኖ በቀለም አለርጂ ምክንያት ወደ ፎቶግራፍ የተሻገረው ሚካኤል ጸጋዬ «ካዝምስ ኦፍ ዘ ሶል» በተባለው ሥራው የአዲስ አበባ መቃብሮች ላይ በፀሐይና በዝናብ የሚጠፉትን የሟቾች ፎቶዎች መልሶ አንስቷቸዋል። አፍንጫ የሌለው፣ ዓይኑ የቀረ፣ ክራባቱ ብቻ የሚታይ። በእብቅ ተሸፍኖ ለለቅሶ መቅረብ የሚፈልግ ሰው ያለ አይመስለኝም።

የኢንተርኔቱ መቋረጥ አንድ ያልጠበቅኩት ነገር አመጣ። «በቴሌግራም ላክልኝ» ማለት ስላልተቻለ ሁሉም ፎቶውን በወረቀት ፈለገው። እኔም እያሳተምኩ ማደል ጀመርኩ። የአያ ሁለቱም ፎቶዎች ደረሷቸው። ከሳምንታት በኋላ ልጃቸው አክስቴ ቤት መጣ። አባቱ የቆሙበት ፎቶ በትልቁ ታትሞ ፍሬም እንዲገባለት ፈልጓል። «ግን ከኋላ ያለውን አውድማና የበሬውን ጀርባ አጥፋልንና የባሕር ዳርን ዘንባባና ጣናን አድርግልን» አለኝ።

ተከራከርኩ። አውድማው የራሳችሁ ነው፣ በሬውም ያምራል፣ ብርሃኑም ከዚያው የመጣ ነው አልኩት። ልጁ በትዕግሥት አዳመጠኝ። «አባቴ አውድማውንማ በየቀኑ ያየዋል» አለ።

ፎቶ ቤት ሄድን። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ወጣት ምንም ሳይጠይቅ «ዘንባባ» የሚል ፋይል ከፈተ፤ ከበርካታዎቹ ውስጥ ልጁ ውኃው ሰፋ ያለውን መረጠ። የአያ ጥላ ወደ ግራ፣ የዘንባባው ወደ ቀኝ ይወድቃል። ይህን ያየነው እኔና ባለኮምፒውተሩ ብቻ ነን፤ እርሱም ጥላውን ላስተካክለው ብሎ ጠየቀኝ፣ ልጁ ግን መኪና እንዳያመልጠው ቸኮለ። ለኅትመቱና ለፍሬሙ ተከፈለ፤ ዘንባባውን በነፃ ነው የጨመረልን።